ባሌ ከአብራሪው መስኮት

የአየር ኃይላችን ነገር ሲነሣ ሁላችንም የምናወራው አንድ ጦርነት አለ፤ የ1969 እና የ1970ው። እነ ለገሠ ተፈራ፣ እነ በዛብህ ጴጥሮስ፣ ኤፍ-5 ከሚግ-21 ጋር... ማን ያልሰማ አለ? የሚያኮራ ታሪክ ነው፣ እሱን አላጣጥልም። ግን ይኸው አየር ኃይል አሥር ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የተሳተፈበትን ሌላ ጦርነት ስንቶቻችን እናውቃለን? ቦታው ባሌ ነው። ታች የነበሩት ደግሞ የራሱ አገር ገበሬዎችና ከብት አርቢዎች ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1955 ዓ.ም. ኤል ከሬ ላይ በግብር የተነሣ አመፅ ፈነዳ። ብዙም ሳይቆይ እሳቱ ደሎና መዳ ወላቡ (የዛሬዋ ብድሬ ያለችበት ማለት ነው) ደረሰ፤ ዋቆ ጉቱም መሪ ሆነው ወጡ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፦ መሬቱ በቃላድ ተለካ፣ ግብሩ ከበደ፣ መክፈል ያልቻለው ባላገር መሬቱን ተነጠቀ፣ ሹሙ ከሌላ አገር የመጣ ነው። በ1952 ነጻ የወጣችው ሶማሊያም አጋጣሚውን አላሳለፈችም፤ መሣሪያ አቀበለች። በአካባቢው «የዾምቢር ጦርነት» የሚባለው ይህ ነው።

መንግሥት መጀመሪያ ፖሊስና ነጭ ለባሽ ላከ። አልሆነም። ቀጥሎ መደበኛ ጦር ገባ፤ ከሰማይም አውሮፕላን መጣ።

እስቲ አብራሪው ወንበር ላይ እንቀመጥ። በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር የሚበር ጄት በአንድ ሰከንድ ከ200 ሜትር በላይ ይሄዳል። ዒላማውን ለመለየት ያለው ጊዜ ዓይን እስኪጨፈን ነው። ከታች በሬዲዮ የሚመራው ሰው ከሌለ የሚያምነው ዓይኑን ብቻ ነው። ታች ያለው ደግሞ ባሌ ነው! ከ4000 ሜትር በላይ የሚገኘው ሳነቴ፣ 4377 ሜትር የሚደርሰው ቱሉ ዲምቱ፣ ጉሙ የማይለቀው የሐረና ጫካ። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም ጉልበት ያንሳቸዋል።

ኦጋዴን ላይ ነገሩ ሌላ ነበር። ሜዳ ላይ ተሰልፎ የሚመጣ ታንክ ከላይም ሲያዩት ታንክ ነው። የባሌ አማፂ ግን ጠዋት ጠመንጃ ይዞ ማታ ከብቱን የሚያስገባ ሰው ነው። ከሰማይ ሆኖ «ሽፍታውን» ከእረኛው ማን ይለየዋል? መንደርና ከብት የተመታው ለዚህ ነው። ለአርብቶ አደር ደግሞ ከብቱ ማለት ባንኩም፣ ምግቡም፣ የልጁ ጥሎሽም ነው።

ታዲያ በምን አለቀ? የጦሩ ጫና አማፂውን አድክሞታል፣ ይህ አይካድም። ከ1959 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ የሶማሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር ኢጋል ከአዲስ አበባ ጋር መታረቅን ስለመረጡ ድጋፉ ነጠፈ። መጨረሻው ላይ ግን በ1962 ዋቆ ጉቱን ያስገባው ቦምብ ሳይሆን ንግግር ነው። በጄኔራል ጃገማ ኬሎ አግባቢነት እጃቸውን ሰጡ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ምሕረት አደረጉላቸው፣ የግራዝማችነት ማዕረግም ሰጧቸው። ኦሮሞው ጄኔራል ኦሮሞውን አማፂ በገዛ ቋንቋው አናገረው። ጄቱ ይህን መቼ ይችላል?

ቁስሉ ግን አልሻረም። በደርግ ጊዜ ዋቆ ጉቱ እንደገና ጫካ ገቡ፤ የሶማሊያ ጦር ሲወርም ባሌ ዳግመኛ የጦር ሜዳ ሆነች።

አብራሪዎቹን ልከስ አይደለም፤ ትእዛዝ የሰጣቸው ሌላ ነው። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ የአየር ኃይሉን ታሪክ ስንተርክ የ1970ውን ድል ጮክ ብለን፣ ባሌን ግን ዋጥ አድርገን መሆን የለበትም። ያኔ ጎልማሳ የነበሩት ዛሬ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። ሮቤ፣ ጎባ ወይም ደሎ ዘመድ ያላችሁ፣ ሳይመሽ ጠይቋቸው።