ይቀዳል እንጂ አይቀደድም

«ሪፕ ማድረግ» በዲቪዲ ወይም በሲዲ ላይ ያለን ፊልምና ሙዚቃ በኮምፒውተር አንብቦ በፋይል መልክ ማስቀረት ነው። ዲስኩ እንዳለ ይቆያል፤ ይዘቱ ወደ ኮምፒውተሩ ይገባል። የዲስክ ማስገቢያ የሌለው ላፕቶፕ በበዛበት ጊዜ፣ የሠርግ ዲቪዲ በቁም ሳጥን ያስቀመጠ ቤተሰብ ሁሉ አንድ ቀን ይህ ሥራ ይገጥመዋል። ሥራው ቀላል ሆኖ ሳለ ስሙ ግን በአማርኛ ገና አልረጋም።

በጥድፊያ የሚተረጎሙ መመሪያዎች «ዲቪዲ መቅደድ» ማለት ይቀናቸዋል፤ ሶፍትዌሩንም «የዲቪዲ መቅደጃ» ይሉታል። መዝገበ ቃላት ለተደገፈ ተርጓሚ ይህ ስህተት አይመስልም፤ የእንግሊዝኛው ቃል መቅደድ፣ መንጠቅ፣ ገፎ መውሰድ ማለት ነውና። በአማርኛ ግን የሚቀደደው ጨርቅና ወረቀት ነው፤ የተቀደደ ነገር ደግሞ ወደ ነበረበት አይመለስም። በከተማ ወሬ «ቀደደ» ከተባለም ሰውየው የሌለውን እያጋነነ አወራ ማለት ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2001 የሙዚቃ ፕሮግራሙን ያስተዋወቀባት «ሪፕ፣ ሚክስ፣ በርን» የምትል መፈክር በዚሁ ስልት ብትተረጎም «ቅደድ፣ ቀላቅል፣ አቃጥል» ትሆናለች። ይህን የሰማ ሰው ማስረጃ ሊያጠፋ እንጂ ዘፈን ሊያዳምጥ አይነሣም።

ትክክለኛው ቃል ከተሳሳተው ጎን ተቀምጧል፤ «ቀዳ» ነው። ግእዙ «ቀድሐ» ሲሆን፣ «በልዐ» «በላ» እንደሆነ ሁሉ የጉሮሮ ፊደሉ ተውጦ «ቀዳ» ሆኗል። ውሃ ከምንጭ ይቀዳል፤ ጠላ ከጋን ይቀዳል፤ ቡና ከጀበና ወደ ሲኒ ይቀዳል። ቴፕ ሲመጣ ድምፅም ይቀዳ ጀመር። ባዶ ካሴትና የዘፈን ዝርዝር ይዞ ወደ ሙዚቃ ቤት የሄደ ሰው «አስቀዳሁ» አለ እንጂ «አስቀደድሁ» አላለም። ካሴቱ በዲስክ፣ ባለሱቁም በሶፍትዌር ቢተካ ግሡን የሚያስለውጥ ነገር አልተፈጠረም።

እርባታውም የተሟላ ነው። «ነዳ» ብሎ «ነጂ»ና «መንጃ» እንደሚል፣ «ቀዳ» ብሎ «ቀጂ»ና «መቅጃ» ይላል። የሁለቱ ግሦች ልዩነት ከሥራው ውጤት ላይ ይበልጥ ይታያል፤ ከመቅደድ የሚገኘው ቅዳጅ ነው፣ ከመቅዳት የሚገኘው ግን ቅጂ ነው። ከዲቪዲው የሚፈለገው የትኛው እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው።

ተፎካካሪ ቃላት አሉ። «ማውጣት» የሚለው ከመስፋቱ የተነሣ ምንም አይለይም፤ ዲስኩን ከማጫወቻው መንቀልም ማውጣት ነው። «መገልበጥ» ግን ክብደት አለው። ደብተር ይገለበጣል፤ የቢሮ ደብዳቤ ከግርጌው ግልባጭ አለው፤ ጠላም ከአንዱ ማሰሮ ወደ ሌላው ይገለበጣል። ፋይልን እንዳለ ወደ ሌላ ቦታ ለመውሰድ ከዚህ የተሻለ ቃል የለም። ነገር ግን የዲቪዲን ማኅደር ከፍቶ ፋይሎቹን የገለበጠ ሰው እጅ ላይ የሚቀረው እያንዳንዱ ከአንድ ጊጋባይት የማይበልጥ የፊልም ቁራጭ ነው፤ ከዝርዝር ማውጫውና ከቀረው ሁሉ ጋር። መቅዳት ግን የተፈለገውን ብቻ መርጦ፣ ቀጥ ያለ አንድ ፊልም አድርጎ ማስቀረትን ይጨምራል።

በ«መቅዳት» ላይ የሚነሣው ዋና ተቃውሞ፣ ቃሉ በዲስክ ላይ መጻፍንም ስለሚያመለክት ያምታታል የሚል ነው። አማርኛ አቅጣጫን የሚያመለክተው ግን በግሡ ብቻ አይደለም። «ከዲቪዲ መቅዳት» እና «ዲቪዲ ላይ መቅዳት» ማንንም አያደናግሩም፤ ስለዚህ ሶፍትዌሩ «ከዲስክ መቅጃ» ቢባል በቂ ነው። «ሲዲ ማቃጠል» የሚለውም አብሮ ሊተው ይችላል።

ቃሉ ከተስተካከለ ሶፍትዌር መምረጥም ይቀላል፤ በአንድ ስም የሚጠሩት ሥራዎች ሁለት ናቸውና። የመጀመሪያው መቅዳት ነው። ሜክኤምኬቪ የሚባለው ፕሮግራም ፊልሙን ከዲስኩ ቀድቶ፣ ምስሉንም ድምፁንም ሳይነካ ኤምኬቪ በሚባል መያዣ ያስቀምጠዋል፤ ጥራቱ ያው፣ ክብደቱም ያው ነው። ባለ አንድ ንብርብር ዲቪዲ 4.7፣ ባለ ሁለት ንብርብር 8.5 ጊጋባይት ስለሚይዝ ፋይሉ ቦታ ይፈጃል። ሁለተኛው ሥራ መለወጥ ነው። ነጻና ክፍት ምንጭ የሆነው ሃንድብሬክ የዲቪዲውን ኤምፔግ-2 ምስል ወደ ኤች.264 ወይም ወደ ኤች.265 ለውጦ ያሳንሰዋል። በመለወጥ ላይ የተጣለ ዝርዝር ግን አይመለስም፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። በሃንድብሬክ የጥራት መለኪያ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጥራቱ ይጨምራል፤ ለዲቪዲ የሚመከረው ከ18 እስከ 22 ነው። ኢትዮጵያ በምትጠቀምበት የፓል የቴሌቪዥን ሥርዓት የተሠራ ዲቪዲ ምስሉ 720 በ576 ነጥብ ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ ማስፋት ፋይሉን ያከብዳል እንጂ ምስሉን አያጠራም። በሠርግ ቪዲዮ ጨፋሪዎች ሲንቀሳቀሱ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የሚታዩት መስመሮች ደግሞ በፕሮግራሙ ማጣሪያ ሊጠፉ ይችላሉ።

የቤተሰብ ዲቪዲ አብዛኛውን ጊዜ ቁልፍ ስለሌለው ሃንድብሬክ ብቻውን ይበቃዋል። የገበያ ፊልም ግን ብዙውን ጊዜ ሲኤስኤስ በሚባል ምስጢራዊ ቁልፍ የተዘጋ ነው፤ ሃንድብሬክ በራሱ ይህን አይፈታም፣ ሜክኤምኬቪ ይፈታል። ይህ ከሕግ ጋር ያገናኛል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሕግ፣ ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ እንዲህ ያለውን ቁልፍ መስበርን ራሱን ይከለክላል። በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሰው የታተመን ሥራ ለግሉ ብቻ በአንድ ቅጂ እንዲያባዛ በገደብ ይፈቅዳል፤ አባዝቶ መሸጥ ግን የባለመብቱ ነው። የአዋጁ ስም «የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ» ነው። «ቅጂ» ከ«ቀዳ» የወጣ ነውና፣ ሕጉ ለውጤቱ የመረጠው ስም ለድርጊቱም ግሡን አብሮ ሰጥቷል።