ሳጥኑን ማን ሰነጠቀው? ከይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ እስከ ቆርቆሮ ቤት

ከመካከላችን የአንዱ አያት የዋንዛ ሳጥን አላቸው። ከላሊበላ ወጣ ብላ ባለች መንደር፣ ሳር ቤት ውስጥ፣ ከምድጃው ራቅ ብሎ ጥግ ይዞ ሦስት ትውልድ ያሳለፈ ሳጥን ነው። ጥላሸት የጠጣ፣ ለዓይን የማይስብ ነበር። ልጆቻቸው ቆርቆሮ ቤት ሠሩላቸውና ሳጥኑም አብሮ ገባ። «ይመርበት» ተብሎ ተፋቀ፤ ፊት ለፊቱ ቨርኒሽ ተቀባ፤ እንግዳ እንዲያየው መስኮት ሥር ተቀመጠ። በሦስተኛው ዓመት ክዳኑ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። እኛ «እንጨቱ አርጅቷል» አልን። አያት ግን «አላረጀም፤ ቦታውን አሳጣችሁት እንጂ» አሉን።

ለመሆኑ እውነታቸውን ይሆን? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ጥያቄ ከላስታ ታሪክ መልስ መፈለግ ነው።

የእነሱ «ሰመር» እና የእኛ በጋ

የእንጨት ዕቃ አያያዝን የሚመለከቱ የፈረንጅ ምክሮች «በሰመር ዕቃችሁን ከፀሐይ፣ ከሙቀትና ከእርጥበት ጠብቁ» ይላሉ። ምክሩን እንዳለ ተርጉመን ለላስታ ሰው ብንነግረው ግራ መጋባቱ አይቀርም። በብዙ የፈረንጅ አገር ፀሐዩና ወበቁ አንድ ላይ ይመጣሉ። ላስታ ላይ ግን ተራ ይዘው ነው የሚመጡት። በበጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ቀኑ ያቃጥላል፣ ሌሊቱ ይበርዳል፣ አየሩ ይደርቃል (በልግ ጣል ካላደረገ በቀር)። ከዚያ ሰኔ ግም ይልና እስከ መስከረም ጉም፣ ዝናብና ሻጋታ ይሆናል።

እንጨት ደግሞ ከተቆረጠ በኋላም ቢሆን እርጥበት መጠጣቱንና መትፋቱን አይተውም። ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲተፋ ይኮማተራል። የሚያብጠውም በአብዛኛው በወርዱ እንጂ በርዝመቱ አይደለም፤ ስለዚህ ጣውላው በግራና በቀኝ በምስማር ተወጥሮ ከተያዘ መሄጃ ያጣና ይሰነጠቃል። ፀሐዩም የራሱ ሥራ አለው። አልትራቫዮሌት የተባለው የብርሃን ክፍል የእንጨቱን ጭረቶች አጣብቆ የያዘውን ሊግኒን የተባለ ነገር ይበጣጥሳል፤ ፊቱ ይሻክራል፣ ደጅ የዋለ እንደሆነም ይገረጣል። ይህ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በግምት 10 በመቶ ይጨምራል። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። የሚመታት ፀሐይ የቆላ ፀሐይ አይደለም ማለት ነው።

እንጨትን የሚገድለው እንግዲህ ሙቀቱ ብቻ ወይም እርጥበቱ ብቻ አይደለም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መመላለሱ ነው።

ዋሻ ውስጥ ያለው መልስ

ይህንን የላስታ ሰው ካወቀው ቆይቷል። ማስረጃችን ከላሊበላ ከተማ በስተሰሜን፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ፣ በጥድ ደን ተከቦ የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከንጉሥ ላሊበላ በፊት በነገሠው የዛግዌ ንጉሥ ስም የሚጠራው ይህ ሕንፃ እንደ ላሊበላ ከአለት የተፈለፈለ አይደለም። በአክሱም ሥርዓት አንድ ረድፍ ድንጋይ፣ አንድ ረድፍ እንጨት እየተደረበ የተገነባ ነው። ድንጋዩ በነጭ ጀሶ ተለስኗል፤ የእንጨቱ ረድፍ ጠቁሮ ይታያል። ውስጡ ደግሞ ጣሪያው በተቀረጸና ቀለም በተቀባ እንጨት ተሸፍኗል። ዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ የሆነው እንጨት ዛሬም አለ።

ለምን ቆየ? አንዱ ምክንያት ሕንፃው የተሠራው ትልቅ ዋሻ ውስጥ መሆኑ ነው። ዝናብ አይመታውም፤ የቀን ፀሐይ አያቃጥለውም፤ በበጋና በክረምት መካከል ያለው ልዩነት ውስጥ ሲገባ ይለዝባል። በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አገራችንን የጎበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ይህን የዋሻ ቤተ ክርስቲያን አይቶ ጽፎለታል።

ለማነጻጸር ያህል ወደ ትግራይ ሻገር እንበል። የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያንም በዚያው በአክሱም ሥርዓት በድንጋይና በእንጨት የተሠራ ነው። ይሁን እንጂ የቆመው አምባ አናት ላይ፣ ፀሐይና ዝናብ በሚፈራረቁበት ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ከፍተኛ ጥገና አስፈልጎት በእንግሊዛዊው አርክቴክት ዴሪክ ማቲውስ ተጠግኗል። በእርግጥ ደብረ ዳሞ በዕድሜ ይቀድማል፤ የቦታው ልዩነት ግን ሳይቆጠር አይታለፍም።

ወደ ላሊበላ ስንመለስ፣ የቤተ አማኑኤልን ግድግዳ ልብ ብሎ ያየ ሰው ገባና ወጣ ያሉ አግዳሚ ረድፎችን ያገኛል። እዚያ እንጨት የለም፤ ሁሉም አለት ነው። ጠራቢዎቹ የድንጋይና የእንጨት ድርብ ግንባታን መልክ በአለት ላይ ቀረጹት። እንጨቱን ራሱን ግን ወደ ውስጥ አስገቡት። በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በንጉሥ ላሊበላ ስም ጽሑፍ የተቀረጸባቸው የእንጨት መንበረ ታቦቶች እስከ ዘመናችን ደርሰው ተመራማሪዎች መዝግበዋቸዋል። ስምንት መቶ ዓመት የኖረ የቤት ዕቃ ማለት ይኸው ነው! ኑሯቸውም የአለት ግድግዳ፣ ጨለማና መጋረጃ ባለበት ነበር።

ሳር፣ ጢስና ቆርቆሮ

የአያታችን ሳር ቤትም በትንሹ ዋሻ ነበር። ወፍራም የሳር ክዳን ሙቀትን ቶሎ አያሳልፍም። መስኮቱ ጠባብ ነው። የምድጃው ጢስ ነቀዝን ያርቃል። (ጢሱ ለዓይንና ለሳንባ ጠንቅ መሆኑን አንክድም፤ እናቶቻችን ከፍለውበታል። ወደ ጢስ እንመለስ አላልንም።) ቆርቆሮ ግን ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ሳጥኑም በየቀኑ ትንሽ በጋና ትንሽ ክረምት ያይ ጀመር። ቨርኒሹም ቢሆን ፊቱን ብቻ ሸፈነውና ጀርባው ለብቻው ሲጠጣና ሲተፋ ጣውላው ተጣመመ። አናጢዎች የተቆረጠን እንጨት ጥላ ውስጥ ቀስ ብለው የሚያደርቁት ይህን ስለሚያውቁ ነው።

ይህ የሳጥን ወሬ ብቻ አይደለም። በ1970 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከዝናብ ለመጠበቅ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2008 የተጠናቀቁትን ትልልቅ መጠለያዎች አስታውሱ። ዝናቡ ቆመ። ነገር ግን መጠለያው አለቱን ያለ ልክ እያደረቀው ይሆን? ምሰሶውስ ቢወድቅ? የሚሉ ጥያቄዎች ተከተሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የከተማዋ ነዋሪዎች አደባባይ ወጡ፤ በቀጣዩ ዓመት መጋቢት ላይ የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ማክሮን ላሊበላን ሲጎበኙ አገራቸው በጥበቃው እንደምታግዝ ቃል ገቡ። ከዚህ የምንማረው ለዘመናት ከቦታው ጋር የተላመደን ነገር «ልንጠብቀው ነው» ብለን በድንገት ስንለውጠው ራሳችን ልንጎዳው እንደምንችል ነው።

ሥጋታችንም እዚህ ላይ ነው። በየደብሩ አዲስ ዕቃ ቤት በቆርቆሮ ሲሠራ መንበሩ፣ አትሮንሱ፣ ከበሮውና የብራና መጽሐፉ ከጨለማው ወጥተው ይገባሉ። ከሌባና ከእሳት ይድኑ ይሆናል። ከቆርቆሮው ሙቀት ማን ያድናቸዋል?

እንግዲህ ምን ይሁን?

ቆርቆሮ አፍርሱ አንልም። በቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ይሠራ፤ የአቡጀዴም ቢሆን ከባዶ ይሻላል። የእንጨት ዕቃ ከመስኮት ፊት ይነሳ፤ ካልተቻለ መጋረጃ ይውረድ። በክረምት ከግድግዳው ስንዝር ያህል ይራቅ፤ እግሩ አፈር እንዳይነካ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደረግለት። ቀለም ወይም ቨርኒሽ ከተቀባ ከውስጥም ከውጭም ይቀባ። የረጠበ ዕቃ ፀሐይ ላይ አይሰጣ፤ ጥላ ውስጥ ነፋስ ያግኘው። የቤተ ክርስቲያን ቅርስ ከቦታው ከመነሳቱ በፊት ደግሞ አዲሱ ክፍል ቀን ምን ያህል እንደሚሞቅ፣ ሌሊት ምን ያህል እንደሚበርድ፣ በበጋና በክረምት እየተለካ ይታይ። መለኪያው ውድ ዕቃ አይደለም።

የአያታችንን ሳጥን ወደ ውስጠኛው ክፍል መልሰነዋል። አናጢው ስንጥቁን በዋንዛ ስንጥር ሞላው፤ አዲስ ምስማር ግን አልጨመረበትም። «ይተንፍስ» ነው ያለን። አያት ነጠላቸውን ከላዩ ጣል አድርገው «አሁን ቦታው ገባ» አሉ። እርስዎስ? ከአያትዎ የወረሱት በርጩማ ወይም አልጋ ካለ፣ ዛሬ ከሰዓት ፀሐይ የት ላይ እንደምታርፍበት እስኪ አንድ ጊዜ ይዩት።