ሳምፕ (የዓሣ ገንዳ የቧንቧ ሥራ)

ሳምፕ በቤት ውስጥ የዓሣ ገንዳ ሥር የሚቀመጥ ሁለተኛ ገንዳ ነው። ማጣሪያው፣ ማሞቂያውና ፓምፑ በውስጡ ይሆናሉ። ውሃው ከላይኛው ገንዳ ጠርዝ ተርፎ በመውረጃ ቱቦ በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ ፓምፑ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል።

ትልቁ ፈተና የሚመጣው መብራት ሲጠፋ ነው። ፓምፑ ሲቆም፣ የመመለሻው ቱቦ አፍ ውሃ ውስጥ ከጠለቀ፣ ውሃው በዚያው ቱቦ ወደ ኋላ ይሳባል፤ አፉ አየር እስኪያገኝም አይቆምም። ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢጎድል 18 ሊትር ወደ ሳምፑ ይወርዳል። ሳምፑ ይህንና በቱቦዎቹ ውስጥ የነበረውን ውሃ የሚይዝ ባዶ ቦታ ያስፈልገዋል። ብዙዎች የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ ገጥመው ይተማመናሉ፤ ትክክል አይደለም። ቆሻሻ ወይም ትንሽ ቀንድ አውጣ መዝጊያው ሥር ከገባ ቫልቩ በደንብ አይዘጋም። ከውሃው ወለል ጥቂት ዝቅ ብሎ በመመለሻው ቱቦ ላይ የሚበሳ ቀዳዳ የተሻለ መከላከያ ነው፤ እሱም እንዳይደፈን በየጊዜው መጠረግ አለበት።

መውረጃው የሚንጎራጎረው አየርና ውሃ ተቀላቅለው ሲወርዱ ነው። መፍትሔው ሁለት መውረጃ ማድረግ ነው፦ አንዱ ቱቦው በውሃ ብቻ እንዲሞላ በቫልቭ ይመጠናል፤ ከፍ ብሎ የሚቆመው ሁለተኛው፣ የመጀመሪያው ቢደፈን ውሃውን ይቀበላል። በዚህኛው ላይ ቫልቭ ፈጽሞ አይገጠምም።

የሚመለሰው ውሃ ከደከመ ፓምፑ ውሃውን የሚገፋበት ከፍታ፣ የጎሚቶ (የቱቦ መታጠፊያ) ብዛት ወይም የፓምፑ መቆሸሽ ይመረመራል። ዓሣ ከመግባቱ በፊት ፓምፑን ከሶኬት ነቅለው ሳምፑ አለመትረፍረፉን ያረጋግጡ።