ኢየሩሳሌም የቀሩ ወገኖቻችን

ባለፈው ዓመት በጠቅላላ ስብሰባችን የሒሳቡ ሪፖርት ተነቦ ሲያበቃ አንዲት እናታችን ተነሥተው፥ «ልጆቼ ለትንሣኤ ኢየሩሳሌም ሊሰዱኝ ነው፤ እንደ ወጣሁ ብቀር ዕድሩ ምን ያደርግልኛል?» ብለው ጠየቁን። ግማሹ ሰው ሳቀ። ሊቀ መንበሩ ደንቡን ቢያገላብጡ ከአገር ውጭ ስለሚሞት አባል የሚናገር አንቀጽ አጡ። እኛም ነገሩ ከልባችን አልወጣ ስላለን፥ ስለ ኢየሩሳሌም ተሳላሚዎች የምናውቀውን ለዚህ መጽሔት ለመጻፍ ተነሣን።

የኛ አገር ሰው ኢየሩሳሌምን መሳለም የጀመረው ዛሬ አይደለም። አውሮፕላን ሳይኖር ተሳላሚው በእግሩ፥ በግመልና በመርከብ፥ በምፅዋ ወይም በግብፅ በኩል፥ ወራት ፈጅቶ ነበር የሚደርሰው። የተመለሰ ተመለሰ፤ ሌላው እዚያው መንኩሶ ቀረ። ማረፊያቸው ዴር ሡልጣን የሚባለው ገዳም ነው። ታዲያ ገዳም ሲባል እንደ ዲማ ጊዮርጊስ ያለ ሰፊ ግቢ እንዳይመስላችሁ። የጌታ መቃብር ካለበት ከጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ፥ ከቅድስት እሌኒ ጸሎት ቤት በላይ፥ የተደረደሩ የጭቃ ጎጆ የመሰሉ ትንንሽ ክፍሎች ናቸው። ከዚያ ወደ ታች የሚወስደው መንገድ በአርባዕቱ እንስሳና በቅዱስ ሚካኤል ጸሎት ቤቶች ውስጥ አልፎ ወደ ጎልጎታው አደባባይ ያወጣል። የክርክሩ ሁሉ ሥር የነዚህ የሁለቱ ቤቶች ቁልፍ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1830 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ውስጥ ወረርሽኝ ገባ። ቀድሞውንም ጥቂት የነበሩት መነኮሳቶቻችን አለቁ ማለት ይቻላል። የመጻሕፍት ቤታቸውም «በሽታው ይጋባል» ተብሎ ተቃጠለ፤ የይዞታ ማስረጃ የሆኑ ሰነዶች አብረው እንደ ጠፉ የኢትዮጵያ ወገን ይናገራል። ቁልፉም በግብፅ ቅብጦች እጅ ገባ። ቅብጦቹ በበኩላቸው ቦታው ከጥንትም የኛ ነው ባዮች ናቸው። እኛ ዕድርተኞች ግን ይህን ስንሰማ የሚታየን ሌላ ነው። ሰው ሞቶ ቤቱን የሚዘጋ፥ ዕቃውን የሚቆጥር፥ ሣጥኑን የሚጠብቅ ጎረቤት ሲያጣ ምን እንደሚመጣ ከኛ በላይ ማን ያውቃል?

ከዚያ በኋላ ነገሥታቱ ደከሙበት። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከአሮጌው ከተማ ቅጥር ውጭ መሬት ገዝተው በ1870ዎቹ የደብረ ገነትን ክብ ቤተ ክርስቲያን አስጀመሩ፤ ሥራው በአፄ ምኒልክ ዘመን ተፈጸመ። ከኛ ከጎጃም ደግሞ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር ሄደው ተሳልመዋል። «አርባ ልጆች» የተባሉት አርመናውያን የሙት ልጆች ወደ አዲስ አበባ የመጡት በዚያው ጉዞ ምክንያት ነው።

አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. ሲሰደዱ በመጀመሪያ ያመሩት ወደ ኢየሩሳሌም ነበር። ሲመለሱ ግን የመጡት በኦሜድላ አድርገው በኛ በር ነው፤ በ1933 ዓ.ም. ቡሬ ላይ ያዩዋቸው ሽማግሌዎች ይህን ሲያወሩልን ነው ያደግነው።

የቁልፉ ነገር ደግሞ እንዲህ ሆነ። በ1959 ዓ.ም. ጦርነት አሮጌው ከተማ ከዮርዳኖስ ወደ እስራኤል እጅ ገባ። በ1962 ዓ.ም. የትንሣኤ ሌሊት፥ ቅብጦቹ ጎልጎታ ለጸሎት ሳሉ፥ የሁለቱ ቤቶች ቁልፍ ተቀየረና አዲሱ ለኛ መነኮሳት ተሰጠ። በ1963 ዓ.ም. የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለቅብጦች ይመለስ ብሎ ፈረደ፤ ይሁን እንጂ መንግሥት ነገሩን እንዲጨርስ ጊዜ ሰጥቶ ነበርና እስከ ዛሬ አልተፈጸመም። መነኮሳቱም ጣራው ላይ በጋ ከክረምት ተቀምጠዋል።

የሰው ነገር ይገርማል፤ ፈረንጁ ደግሞ እኛው ሰከላ ያለውን ግሽ ዓባይን ለማየት ባሕር ተሻግሮ ይመጣል። ጳዬዝ በ1610፥ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. ደርሰውበታል። ከኛ ከፍኖተ ሰላም ሰዎች ስንቱ ነው ያየው?

የጠየቁን እናት በሰላም ሄደው በሰላም ተመልሰዋል፤ ሻማም አምጥተውልናል። አንቀጹ ግን ገና አልተጻፈም። የኛ ሐሳብ፥ አስከሬኑ ባይመጣም ድንኳኑ ይተከል፥ ሦስት ቀን ይቀመጥለት፥ ገንዘቡም ሳይጓደል ለቤተ ሰቡ ይሰጥ የሚል ነው። በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ እጃችሁን አውጡበት።