ተቀጽላ በጓሮ ዛፎች ላይ፦ ከዘር የሚበቅልበት መንገድና አያያዙ

ተቀጽላ መሬት ላይ ሳይሆን በሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የሚበቅል ጥገኛ ቁጥቋጦ ነው። በደቡብ ጎንደር ዞን ምሥራቃዊ ክፍል፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ በብሳና፣ በዋንዛና በግራር ላይ ይታያል፤ በጓሮ ያሉ የሎሚና የብርቱካን ዛፎችንም ሊይዝ ይችላል። በዕለት ንግግር ሌላውን ተጠግቶ የሚኖር ነገር ሁሉ በዚህ ስም መጠራቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

ቅጠሉ አረንጓዴ በመሆኑ ተቀጽላ ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን በራሱ ያዘጋጃል። ውሃውንና ማዕድኑን ግን ከተጠጋው ዛፍ ይስባል። በበጋ ዛፉ ውሃ ለመቆጠብ ቅጠሉን ሲያራግፍ ተቀጽላው መሳቡን አያቋርጥም፤ ስለዚህም ከተቀጽላው ወዲያ ያለው የቅርንጫፍ ጫፍ ቀድሞ ይደርቃል። በአንድ ትልቅ ዋንዛ ላይ ያሉ ሁለት ሦስት ተቀጽላዎች ብዙ አያሳስቡም። በአንድ ሎሚ ላይ ያሉ ሦስት ተቀጽላዎች ግን የቤተሰቡን ምርት ይቀንሳሉ፤ ዛፉንም ቀስ በቀስ ያደክማሉ። በምዕራብ አፍሪካ በሺአ ቅቤ ዛፍ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት የታወቀ ነው።

የተቀጽላ ዘር በነፋስ ወይም በፍግ አይሠራጭም፤ የሚያሠራጩት ወፎች ናቸው። የፍሬው ሥጋ እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ስለሆነ ወፏ ፍሬውን በልታ ዘሩን ስትተፋው ወይም ስትጥለው ቅርንጫፉ ላይ ይለጠፋል። ዘሩ ጠንካራ ሽፋን የለውም፤ በመሆኑም አፈርም ሆነ መስኖ ሳይጠብቅ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበቅላል። ድንጋይ ወይም ሽቦ ላይ ወድቆ እንኳ ሊበቅል ይችላል፤ ነገር ግን የሚስበው ውሃ ስለማያገኝ ይሞታል። ቅርንጫፍ ላይ ያረፈው ቡቃያ ጫፉን አጠፍጥፎ ከቅርፊቱ ጋር ይጣበቅና መምጠጫ ሥሩን ወደ እንጨቱ ያስገባል። ይህ በቀላሉ የሚሳካለት ቅርፊቱ ቀጭን በሆነ ለጋ ቅርንጫፍ ላይ ነው። ሥሩ የገባበት ቦታ ከጊዜ በኋላ ያብጣል። ተቀጽላው ሲሞት በእንጨቱ ላይ የሚቀረው የአበባ ቅርጽ ያለው ጠባሳ በደቡባዊ አፍሪካ ለጌጥ ይሸጣል።

ተቀጽላን ሆን ብሎ ማብቀል የሚፈልጉ ሰዎችም አሉ። በአውሮፓ ለገና በዓል ማስጌጫ የሚሆነውን ዝርያ በፖም ዛፍ ላይ ያበቅሉታል፤ ትኩስ ፍሬውን ጨምቀው ዘሩን በለጋ ቅርንጫፍ ላይ ይለጥፉታል፤ ፍሬ እስኪሰጥም 4 ወይም 5 ዓመት ይጠብቃሉ። ከተለጠፉት ዘሮች አብዛኞቹ ይከስማሉ። በአገራችን ደግሞ የባህል መድኃኒት አዋቂዎች ተቀጽላን እንደ በቀለበት ዛፍ ለይተው ይፈልጉታል። ለዚህ ዓላማ ማብቀል የሚፈልግ ሰው ዘሩን ከተመሳሳይ የዛፍ ዓይነት ላይ ወስዶ፣ ሳይደርቅ፣ ብርሃን በሚያገኝ ለጋ ቅርንጫፍ ላይ ሊለጥፈው ይችላል። ሆኖም በፍራፍሬ ዛፍ ላይ ማብቀል ፈጽሞ አይመከርም፤ ወፎች አጥር ስለማይለዩ ጉዳቱ ወደ ጎረቤት ጓሮ ይሻገራል። መርዛማነት ያላቸው ዝርያዎች ስላሉም ተቀጽላን ያለ ጤና ባለሙያ ምክር ቀቅሎ መጠጣት አደገኛ ነው።

ተቀጽላን ለማስወገድ አመቺው ጊዜ በጋ ነው። ብሳናን የመሰሉ ዛፎች ቅጠላቸውን ሲያራግፉ ተቀጽላው አረንጓዴ ሆኖ ከሩቅ ይታያል። ሥራው ፍሬው ከመብሰሉ በፊት መጠናቀቅ አለበት። ቁጥቋጦውን ብቻ ሰብሮ መጣል ዋጋ የለውም፤ በእንጨቱ ውስጥ የቀረው ሥር እንደገና ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ቅርንጫፉ ራሱ፣ ተቀጽላው ከተተከለበት ቦታ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ግንዱ ገባ ብሎ፣ በስለታም መጋዝ ይቆረጣል። ተቀጽላው የበቀለው በግንዱ ላይ ከሆነ ቁጥቋጦውን ከሥሩ ቆርጦ ቦታውን ብርሃን በማያስገባ ጥቁር ላስቲክ መጠቅለል ይቻላል፤ ላስቲኩ እስከ 2 ዓመት መቆየት ሊኖርበት ይችላል፤ ሲቀደድም ይተካል። ፀረ አረም ኬሚካል መርጨት ግን ዛፉን ጭምር ስለሚጎዳ መወገድ አለበት።

የተቆረጠው ተቀጽላ አፈር ላይ ቢወድቅ አይበቅልም። ፍሬ ያልያዘው ለፍየሎች መኖ ይሆናል፤ የበሰለ ፍሬ ያለበት ወፎች እንዳይደርሱበት ይቀበራል። ተቀጽላ የያዘውን ዛፍ በሙሉ መቁረጥ ብዙ ጊዜ አስፈላጊ አይደለም፤ በተለይ ለማደግ ረጅም ዘመን የሚፈጅ አገር በቀል ዛፍ ከሆነ ጥፋቱ ከጥቅሙ ይበልጣል። በመንግሥት ደን ውስጥ ያለ ፈቃድ ዛፍ መቁረጥ በደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የተከለከለ ነው። በቤተ ክርስቲያን አጸድ ላለ ዛፍ ደግሞ የደብሩን አስተዳደር አስቀድሞ ማማከር ያስፈልጋል።

ተቀጽላው በብዙ ዛፎች ላይ ከተስፋፋ ወይም ዓይነቱን መለየት ካስቸገረ፣ ቅጠል፣ አበባና ፍሬ ያለበትን ቅንጣቢ ከተጠጋው ዛፍ ቅጠል ጋር ይዞ በቀበሌው ወዳለ የግብርና ባለሙያ ወይም ወደ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት መቅረብ ይቻላል። ናሙናው በላስቲክ ከረጢት ሳይሆን በወረቀት ቢጠቀለል ሳይበሰብስ ይደርሳል።