የአዕምሮ ሕመም መድኃኒቶችና አረጋውያን

በአርሲ ዞን የመርቲ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው አቦምሳም ሆነ በሌሎች የአገሪቱ አካባቢዎች፣ ዲሜንሺያ በመባል የሚታወቀው የመርሳት በሽታ ብዙ ጊዜ መጃጀት ነው ተብሎ ይታለፋል። ሕመምተኛው ሌሊት ሲባዝን ወይም ሲቆጣ ግን ቤተሰብ ማስታገሻ ይፈልጋል።

ለዚህ ከሚታዘዙት መካከል ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን ይገኙበታል። ሁለቱም የመርሳት በሽታን አያድኑም።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ በ2005 ባወጣው ማስጠንቀቂያ መሠረት፣ 10 ሳምንታት ገደማ በወሰዱ ሙከራዎች የዚህ ወገን አዳዲስ መድኃኒቶችን ከወሰዱ የመርሳት ሕሙማን 4.5 በመቶ፣ ካልወሰዱት ደግሞ 2.6 በመቶ ያህሉ ሞተዋል። ለሞታቸው በአብዛኛው ምክንያት የሆኑት የልብ ችግርና የሳንባ ምች ናቸው። ማስጠንቀቂያው እ.ኤ.አ በ2008 ሃሎፔሪዶልን ጨምሮ ነባሮቹንም እንዲያካትት ተደርጓል።

ዲያዜፓም ሚዛን በማሳት ለመውደቅና ለአጥንት ስብራት ሲያጋልጥ፣ አሚትሪፕቲሊን የማስታወስ ችሎታን ያዳክማል።

ስለሆነም መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት አረጋዊው የሚሰማው ሕመም፣ የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት ወይም የውሃ ጥም መኖሩ ሊመረመር ይገባል። መድኃኒቱ የግድ ካስፈለገ በአነስተኛ መጠን ተጀምሮ በየጊዜው መታየት ይኖርበታል። የተጀመረውንም ያለ ሐኪም ምክር በድንገት ማቋረጥ ለጉዳት ይዳርጋል።