ከማኒክ ግድብ እስከ ምድር ቤት

ሞንትሪያል ውስጥ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ሰው ለእንግዳ ሳሎኑን ያሳያል፤ ለእኔ የሚከፈትልኝ ምድር ቤቱ ነው፣ የብሬከሩ ሳጥን ያለው እዚያ ነዋ። ባለቤቱ ከሚስቱ የሸሸገው ዕቃ ቢኖር የማየው እኔ ነኝ። ከ2017 መጨረሻ ወዲህ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ከልብስ ማጠቢያው ጎን አዲስ ነገር ማየት ጀመርኩ፤ የጫማ ካርቶን የሚያህል፣ ከፊትም ከኋላም ፋን የተገጠመለት፣ ጩኸቱ ሰው የማያነጋግር የብረት ሳጥን። ቢትኮይን የሚያወጣ ማሽን ነው። የገረመኝ ማሽኑ አይደለም። ባለቤቶቹ ስለሱ ሲያወሩኝ ከገንዘቡ በፊት ሙቀቱን ያነሳሉ። "ማሞቂያ ነው፤ ትንሽ ትንሽ ደግሞ ይከፍለኛል" ይሉኛል።

ይህን የሰማ ሁሉ የኮምፒውተር ዘመን ጉድ ያደርገዋል። እኔ ሽቦ ተከትዬ የምሠራ ሰው ስለሆንኩ ታሪኩንም ከሽቦው እጀምራለሁ። ቤትን በኮምፒውተር ማሞቅ ያዋጣል ወይ ለሚለው ጥያቄ ሞንትሪያል ያለችበት የካናዳ ክፍለ ሀገር ኩቤክ መልስ የሰጠችው ቢትኮይን ከመፈጠሩ ብዙ ቀደም ብሎ፣ ቤቱ በምን ይሙቅ በተባለ ጊዜ ነው።

ሃይድሮ ኩቤክ የተባለው የመብራት ድርጅት በ1944 ሲቋቋም የሞንትሪያልን የመብራት ኩባንያ ከባለሀብቶች እጅ ወስዶ ነበር። ዋናው ነገር ግን የሆነው በ1962 ነው። የክፍለ ሀገሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ዣን ለሳዥ "የገዛ ቤታችን ጌቶች" በሚል መፈክር ምርጫ ጠሩ፤ ጥያቄው አንድ ነበር፣ መብራቱ የማን ይሁን። ነገሩን ከኋላ የገፉት የተፈጥሮ ሀብት ሚኒስትሩ ሬኔ ሌቬክ ናቸው፤ ፖለቲካ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ሕዝቡ በቴሌቪዥን ጋዜጠኛነታቸው ያውቃቸው ነበር። አሸነፉ፤ በሜይ 1963 የግል ኩባንያዎቹ ወደ መንግሥት ዞሩ። የዚያን ዘመን ሽማግሌ ደንበኞቼ ስለ መብራት ሲያወሩ ስለ ነፃነት የሚያወሩ ይመስላሉ። ከእኛ አገር ስለ ዓባይ ሲወራ የሰማ ሰው አይገርመውም።

ከዚያ በኋላ ግድብ በግድብ ሆነ። በማኒኩዋጋን ወንዝ ላይ የተሠራው ማኒክ 5 ቁመቱ 214 ሜትር፣ ርዝመቱ 1.3 ኪሎ ሜትር ነው። በሴፕቴምበር 1968 ጠቅላይ ሚኒስትር ዳንየል ጆንሰን ሊመርቁት ሄደው እዚያው አደሩ፤ በማለዳ ሞተው ተገኙ። ግድቡ በእሳቸው ስም ይጠራል። ለእኔ ሙያ ግን ከግድቡ ይልቅ የሚደንቀው መስመሩ ነው። ወንዙ ያለው በሰሜን፣ ሰዉ ያለው በደቡብ ነው፤ ኃይሉን ያን ሁሉ መንገድ በተለመደው ቮልቴጅ ማምጣት የማይታሰብ ነበር። ዣን ዣክ አርሻምቦ የተባለ የድርጅቱ መሐንዲስ 735 ሺህ ቮልት ይሁን አለ። በ1965 መስመሩ ሥራ ሲጀምር በዓለም የመጀመሪያው ነበር።

በ1971 ጠቅላይ ሚኒስትር ሮቤር ቡራሳ በሰሜን ኩቤክ የጄምስ ቤይን የግድብ ፕሮጀክት አወጁ። መሬቱ የሚያድኑበትና የሚኖሩበት የክሪ ሕዝብ ነበር፤ የጠየቃቸው አልነበረም። ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በኖቬምበር 1973 ዳኛ አልበር ማሉፍ ሥራው ይቁም ብሎ ፈረደ፤ በሳምንቱ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን አገደው። ከክሪና ከኢኑዊት ጋር ስምምነት የተፈረመው በ1975 ነው። የኩቤክ መብራት ርካሽ ነው ስንል ለእኛ ለከፋዮቹ ነው፤ የአባቱ የአደን መሬት በውሃ የተዋጠበት ሰው ሒሳቡን በሌላ መንገድ ይሠራዋል።

ውሃው ተጠራቅሞ ተርባይኑ ሲዞር ያ ሁሉ ኃይል የት ይግባ? በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሰማይ ነካ። በየምድር ቤቱ የተቀመጠው የናፍጣ ታንከር የሚጠላ ዕቃ ሆነ፤ ዛሬም አሮጌ ቤት ስገባ አንዳንዴ ባዶውን ዝጎ አገኘዋለሁ። መንግሥት ሰዉ ወደ መብራት እንዲዞር ገፋ፣ ሰዉም ዞረ። ዛሬ አብዛኛው የኩቤክ ቤት የሚሞቀው በመብራት ነው። ዕቃው በመስኮቱ ሥር፣ በግድግዳው ግርጌ የሚጋደም ረጅም የብረት ሂተር ነው። ሽፋኑን ብትፈታው ውስጡ አንድ ዘንግና ሙቀቱን የሚበትኑ ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች ናቸው፤ ሌላ ምንም የለም። 240 ቮልት ይገባል፣ 1,500 ዋት ሙቀት ይወጣል። ጄምስ ጁል በ1840ዎቹ እንዳሳየው ነው፣ በሽቦ ያለፈ ጉልበት ሙቀት ይሆናል። አይጮህም፣ አይበላሽም፣ አያስብም። ከዚህ የቀለለ ማሞቂያ የለም፣ ከዚህ የበለጠ መብራት የሚበላም የለም።

ዋጋውን በጃንዋሪ 1998 አየነው። ለአገሩ አዲስ ነበርኩ። ዝናቡ ሲወርድ ውሃ ነው፤ ቅርንጫፍና ሽቦ ሲነካ በረዶ ሆኖ ይጋገራል። ለቀናት ሳያባራ ዘነበ፤ የመስመር ማማዎች ከበረዶው ክብደት የተነሳ ተጣጥፈው ወደቁ። 1.4 ሚሊዮን የሚሆኑ ደንበኞች ጨለማ ውስጥ ገቡ፤ በከተማው ደቡብ አንዳንዱ ቦታ ከወር በላይ ቆየ። ጨለማው ምንም አይደለም፣ ሻማ አለ። ቤቱ ግን በመብራት የሚሞቅ ነውና መብራቱ ሲሄድ ሙቀቱ አብሮ ሄደ፤ ሰው ብርድ ልብሱን ይዞ ትምህርት ቤትና የስፖርት አዳራሽ አደረ። ከዚያ ወዲህ የእንጨት ምድጃውን ያፈረሰ ደንበኛ አላጋጠመኝም።

ቢትኮይን የመጣው እንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ ነው። በጃንዋሪ 2009 ሲጀመር ማንኛውም ኮምፒውተር ይበቃው ነበር፤ ሥራው ቁጥር መገመት ነው፣ በአሥር ደቂቃ ገደማ አንዱ ይደርስበታል፣ ያኔ ሽልማቱ 50 ቢትኮይን ነበር። ገማቹ ሲበዛ ግምቱ ይከብዳል። ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የሚጽፈው ፈጣሪው ይህ ሁሉ መብራት አይባክንም ወይ ተብሎ በኦገስት 2010 የሰጠው መልስ አለ። ቤትህን በመብራት የምታሞቅ ከሆነ የኮምፒውተርህ ሙቀት ብክነት አይደለም፣ ወጪው እኩል ነው አለ፤ ሌላ የረከሰ ማሞቂያ ካለህ የሚባክነው ልዩነቱ ብቻ ነው። ይህን ሲጽፍ ኩቤክን አላነሳም። ግን መልሱ እንደ ኩቤክ የሚሠራበት አገር ጥቂት ነው፤ በጋዝ ወይም በናፍጣ የሚሞቅ ቤት ውስጥ ሒሳቡ ከመነሻው ይፈርሳል።

ማሽኑ እየተለወጠ ሄደ። በ2010 የቪዲዮ ካርድ፣ በ2013 ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሠራ ቺፕ፣ በ2016 አንትማይነር ኤስ9 መጣ። 1,300 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ያ ሁሉ በፋኑ ሙቅ አየር ሆኖ ይወጣል። ቁጥሩን ልብ በል፤ ያንን በመስኮት ሥር የተጋደመውን ሂተር ሊያህል ምንም አልቀረው።

ከደንበኞቼ አንዱ የአገሬ ልጅ ነው፣ በሰሜን ሞንትሪያል ይኖራል። በ2018 ጠራኝና "ጋሼ፣ እዚህ ምድር ቤት 240 መስመር ይዘርጉልኝ" አለኝ። በ120 ሶኬት ሞክሮት የኃይል ሳጥኑ ማሽኑን መቻል አቅቶታል። አዲስ መስመር መዘርጋት አላስፈለገኝም። ግድግዳው ላይ የነበረውን አሮጌ ሂተር ነቀልኩ፣ ብሬከሩን ቀየርኩ፣ በዚያው ሽቦ ጫፍ ላይ የ240 ሶኬት ገጠምኩ። ከጄምስ ቤይ የመጣው ኃይል መጨረሻው ላይ ከሂተር ይልቅ ማሽን አገኘ እንጂ መንገዱ አልተለወጠም። ብሬከሩ ላይ የሚለጠፈውን ጽሑፍ ምን ልበል ብዬ አሰብኩና የድሮውን ተውኩት፤ "ማሞቂያ" ይላል።

ጩኸቱን ለማፈን ደንበኛዬ ከጣውላ ሳጥን ሠርቶ ውስጡን በስፖንጅ ለበደው፤ ሙቀቱን በብራማ ቱቦ ወደ ኮሪደሩ አወጣው። መግቢያው ላይ የምድጃ ማጣሪያ ጨርቅ አደረገበት፣ ያለዚያ ከልብስ ማድረቂያው የሚወጣው ብናኝ በሳምንት ይደፍነዋል። የማሽኑን ጥቅም ፈጥነው ያወቁት ግን አማቱ ናቸው። በዚያ ብርድ የጤፍ ሊጥ እሺ ብሎ አይቦካም፤ እማማ ሁለትና ሦስት ቀን ጠብቀው እርሾው ሳይነሳ ቀርቶ ያለቅሳሉ። የሊጡን ባሊ ከቱቦው አፍ ራቅ አድርገው ሲያስቀምጡት በማግስቱ ኩፍ ብሎ አገኙት። "ይህ ነገር ሥራው ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁኝ። ገንዘብ ያወጣል አልኳቸው። "ተወው እሱን፤ አብሲቱን መጣል ችያለሁ" አሉኝ።

ችግሩም አለ። ሂተር ቤቱ ሲሞቅ በቴርሞስታቱ ይጠፋል፤ ማሽኑ የሚከፍለው ግን ሌት ተቀን ሲሠራ ነው። ሞንትሪያል በጁላይ ሠላሳ ዲግሪ ይገባል፤ ያኔ ወይ ታጠፋዋለህ፣ ወይ በመስኮት እያስወጣህ አየር ማቀዝቀዣውን ታሠራለህ። መስኮት የከፈተ ሰው ካየሁ ማሞቂያ ነው የሚለውን ወሬ አልሰማውም። ፈረንሳይ ውስጥ ካርኖ የተባለ ድርጅት በ2018 ሊያሻሽለው ሞከረ፤ ኢቴሪየም የተባለውን ሌላ ዲጂታል ገንዘብ የሚያወጣ፣ የማይጮህ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ማሞቂያ በ2,900 ዩሮ አወጣ። በሴፕቴምበር 2022 ኢቴሪየም አሠራሩን ሲቀይር እንዲህ ያለው ማውጣት በአንድ ቀን ቀረ። ማሞቂያነቱ ብቻ ተረፈ።

በዚያው 2018 ቢትኮይን የሚያወጡት ትልልቅ ኩባንያዎች የርካሹን መብራት ወሬ ሰምተው ወደ ኩቤክ ጎረፉ። ሃይድሮ ኩቤክ አዲስ ጥያቄ መቀበል አቆመ፤ በኋላ 300 ሜጋዋት ብቻ ለይቶ መደበ። ለእነሱ ሙቀቱ ጠላት ነው፣ በትልልቅ ፋን ወደ ሜዳ ይነፉታል። ቻይና በ2021 ቢትኮይን ማውጣትን ከከለከለች በኋላ ከማሽኖቹ ጥቂት የማይባሉት አገር ቤት ገቡ፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኃይሉን በውጭ ምንዛሪ ይሸጥላቸዋል፣ ሙቀቱ እዚያም አየር ላይ ይቀራል። ከግድብ የወጣ ሙቀት በነጻ ሲነፋ ማየት ሞንትሪያል የኖረ ሰው ሆድ ይበላል፤ ግን ማን ይሞቀዋል?

የቤቱን ማሞቂያ ያሸነፈው ሂት ፓምፕ ነው። አንድ ኪሎዋት ሰዓት አስገብተህ ከውጭው አየር ሁለትም ሦስትም ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይስብልሃል። ማሽኑ ያስገባኸውን ያህል ብቻ ነው የሚሰጥህ፣ ላዩ ላይ ሳንቲም ጨምሮ። ኤስ9 በቀን 31 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ በቀን እስከ 40 ድረስ ያለው ርካሽ ታሪፍ 7 የካናዳ ሳንቲም አካባቢ ስለሆነ ሁለት ዶላር ከምናምን ይመጣል። በአፕሪል 2024 ሽልማቱ ወደ 3.125 ቢትኮይን ከወረደ በኋላ የሚያወጣው የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ፓምፑ በልጦታል ማለት ነው፤ መንግሥትም ለገዢው ድጎማ ይሰጣል። ፓምፑ የሚደክመው ብርዱ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪን ሲያልፍ ነው። በፌብሩዋሪ 3 ቀን 2023 ምሽት የክፍለ ሀገሩ ፍጆታ 43,124 ሜጋዋት ደርሶ ክብረ ወሰን ሰበረ፤ እንዲያ ባለ ሌሊት ሂተሩም ማሽኑም እኩል ናቸው።

ያ የአገሬ ልጅ ባለፈው ዓመት ፓምፕ አስገጥሞ ማሽኑን ሊሸጥ ማስታወቂያ አወጣ። ገዢ ሆኖ የመጣው ከአቢቲቢ ገጠር ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ገበሬ ነው፣ ትራክተሩን የሚያቆምበት ጋራዥ አለው። የአገሬ ልጅ ማሽኑ በሰከንድ ስንት ትሪሊዮን ግምት እንደሚገምት ሊያስረዳው ጀመረ። ሰውዬው በትዕግሥት አዳመጠና ሲጨርስ ዋቱ ስንት ነው ብሎ ጠየቀው፤ ከፍሎ ወሰደው።